ክርክር፦ ሻጭ ያጣ የቪዲዮ ጌም ቢቀዳ ማን ይጎዳል? የ«ብላስት ላክሮስ» ጉዳይ

አወያይ፦
ለዚህ ዙር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አክሌም የተባለው የአሜሪካ የጌም አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን «ብላስት ላክሮስ» የተሰኘ ጌም አውጥቶ ነበር። ጌሙ ናሽናል ላክሮስ ሊግ የተባለውን የሰሜን አሜሪካ የላክሮስ ስፖርት ሊግ ቡድኖች በፈቃድ የያዘ ሲሆን አጨዋወቱ ግን ከእውነተኛው ግጥሚያ ይልቅ ወደ አርኬድ (ፈጣንና የተጋነነ አጨዋወት) ያደላ ነው። አሳታሚው በ2004 ከስሮ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ጌሙን እንደገና ያሳተመም ሆነ በኢንተርኔት መደብር ያቀረበ የለም። እንዲህ ያለውን ጌም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ቀድቶ ለሌሎች ማዳረስ በሕግ ሊፈቀድ ይገባል ወይስ አይገባም? ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሐሳብን እንጂ ሰውን እንዳትነኩ አደራ።

ጥቁር ሲዲ፦
ሊፈቀድ ይገባል ባይ ነኝ። ወደ ምክንያቴ ከመግባቴ በፊት ግን ስፖርቱን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ላክሮስ እንደ ገና ጨዋታ በዱላ የሚካሄድ ሆኖ በዱላው ጫፍ ላይ ትንሽ መረብ አለው፤ ኳሷም መሬት ለመሬት ከመነዳት ይልቅ በዚያ መረብ ተይዛ ትወረወራለች። ጨዋታው ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በተለይም ኢሮኳ በሚል ስም ይበልጥ ከሚታወቁት ከሆዲኖሾኒዎች የተወረሰ ነው። ሊጉ የሚጫወተው ደግሞ የአዳራሹን ዓይነት ነው። ይህ በ1930ዎቹ ካናዳ ውስጥ፣ በሞቃቱ ወራት ባዶ የሚቀሩትን የበረዶ ሆኪ አዳራሾች ሥራ ላይ ለማዋል የተስፋፋ ሲሆን፣ በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይሰለፋሉ፤ ኳስ የያዘው ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ጎል መምታት ግዴታው ነው።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይህ ስፖርት ለአሮጌ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። ዋና ሜሞሪው 2 ሜጋባይት ብቻ የሆነ ማሽን ሰፊ ሜዳና ሃያ ተጫዋች በአንድ ጊዜ እንዲያሳይ ከሚገደድ ይልቅ ጠባብ አዳራሽና አሥራ ሁለት ሰው ቢሰጠው ይቀለዋል፤ ኳሷ ግድግዳ ነክታ ስለምትመለስ ጨዋታው እምብዛም አይቋረጥም፤ የሰዓቱ ቆጠራም ተጫዋቹን ፋታ ይነሣዋል። «ኤንቢኤ ጃም» በ1993 ለቅርጫት ኳስ፣ «ኤንኤፍኤል ብሊትዝ» በ1997 ለአሜሪካ እግር ኳስ ያደረጉትን፣ ማለትም ስፖርቱን ወደ አርኬድ መለወጥን፣ ይህ ጌም ለላክሮስ ለማድረግ ሞክሯል። ሞክሯል አልኩ እንጂ ተስተካክሏል አላልኩም፤ ግራፊክሱ በወጣበት ዓመት እንኳ አሮጌ ነበር፣ ምክንያቱም ፕሌይስቴሽን 2 ከጥቅምት 2000 ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ ላይ ውሎ ነበር። ሆኖም ለአዳራሽ ላክሮስ ሊጉ ፈቃድ ሰጥቶባቸው በኮንሶል ከወጡት በጣም ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነውና የሚተካው የለም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዛሬ አንድ ሰው ይህን ጌም ቢቀዳ ከማን ኪስ ምን ጎደለ? በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶ የሚሆኑት ዛሬ በሕጋዊ ገበያ አይገኙም። እየተከራከርን ያለነው ስለ አንድ የተረሳ ሲዲ ብቻ አይደለም።

ዐቃቤ ውል፦
ወንድሜ ስለ ስፖርቱ ያስረዱበት መንገድ ግሩም ነው፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። «አሳታሚው ከስሯል» የሚለው አነጋገር መብቱም አብሮ የተቀበረ ያስመስላል። የኪሳራ ሕግ ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የከሰረ ድርጅት የቅጅ መብት እንደ መጋዘንና እንደ ወንበር ሁሉ ንብረት ተብሎ ይመዘገብና ለአበዳሪዎች ክፍያ ይሸጣል። የአክሌም ስም ራሱ ሳይቀር ገዢ አግኝቶ በሌሎች እጅ ለሌላ ሥራ ውሏል። በአሜሪካ ሕግ ድርጅት በቅጥር ያሠራው ሥራ ከታተመ ጀምሮ ለ95 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ በ2001 የወጣ ጌም እስከ 2096 መጨረሻ ድረስ ባለቤት አለው። ባለቤቱ አለመታወቁ ባለቤት የለም አያሰኝም።

በዚያ ላይ ሕያው የሆነ መብትም በውስጡ አለ። ቡፋሎ ባንዲትስም ሆነ ቶሮንቶ ሮክ ዛሬም የሚጫወቱ ቡድኖች ናቸው፤ አርማቸውን እየሸጡ ይኖራሉ። ሊጉ ፈቃድ የሰጠው ለአንድ አሳታሚ፣ ለአንድ ሥራና ለተወሰነ ጊዜ እንጂ ለዓለም ሁሉ ለዘለዓለም አይደለም።

ጥቁር ሲዲ፦
የጠቀሱት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ የሚያግዘው የእኔን ወገን ይመስለኛል። መብቱ በኮዱ ባለቤት፣ በሊጉ፣ በየቡድኑና በሙዚቃው ፈቃድ መካከል ከተከፋፈለ፣ ጌሙን መልሶ ለማሳተም የሁሉም ፊርማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከሽያጩ የሚገኘው ደግሞ የአንዱን ጠበቃ የሳምንት ደመወዝ አይሸፍንም። ስለዚህ እያንዳንዳቸው «አይሆንም» የማለት ሥልጣን አላቸው፣ ብቻውን «ይሁን» ማለት የሚችል ግን አንድም የለም። እኔ የምቃወመው መብትን ሳይሆን እንዲህ ያለውን መቆላለፍ ነው።

እናት ዘሜሪላንድ፦
እኔ ወደዚህ ክርክር የገባሁት ከቤቴ ተነሥቼ ነው። ሜሪላንድ በ2004 ላክሮስን የግዛቱ የቡድን ስፖርት አድርጎ በሕግ ደንግጓል፤ ልጆቻችንም በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በሌላው አካባቢ ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚያገኙት አንዱ ስፖርት እርሱ ነው። ልጄ ዱላውን ይዞ የቤቱን ግድግዳ ሲደበድብ ውሎ፣ ማታ ደግሞ «እማዬ፣ ድሮ የዋሽንግተን ቡድን ነበር አሉ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ዋሽንግተን ፓወር የተባለው ቡድን በ2001 በሊጉ ውስጥ ከነበሩት ዘጠኝ ቡድኖች አንዱ ነበር፤ ጥቂት ሳይቆይ ወደ ኮሎራዶ ተዛውሮ ስሙም ተለወጠ። የዚያ ዘመን የሊጉ መልክ ልጆች በእጃቸው ይዘው በሚያዩት ነገር ላይ የቀረው በዚህ ጌም ነው።

ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ልጄን «ይህ ስርቆት ነው፣ ያ ግን አይደለም» ስለው መስመሩን የት ላይ ላሰምርለት? ሁለተኛ፣ እነዚህን ፋይሎች የሚያድሉት ገጾች ብዙዎቹ ኮምፒውተር የሚያበላሽ ነገር የታጨቀባቸው ናቸው፤ ሕጉ በጨለማ ስላስቀራቸው ተጠያቂም የላቸውም። አንድ ነገር ዐቃቤ ውልን ልጠይቅ፦ ያገለገለውን ሲዲ ከግለሰብ ብገዛ ገንዘቡ ለጌሙ ሠሪዎች ይደርሳልን?

ዐቃቤ ውል፦
አይደርስም፣ እኅቴ። የተሸጠ ሲዲ ባለቤቱ መልሶ ቢሸጠው ሕጉ አይከለክልም፤ አሳታሚውም ከሁለተኛው ሽያጭ ምንም አያገኝም። ልዩነቱ ሲዲው አንድ ሆኖ እጅ መለወጡ ነው፤ ፋይሉ ግን ከአንድ ወደ መቶ ሺህ ይባዛል።

መዝገብ ጠባቂ፦
የሚሠራው በዲጂታል መዛግብት ጥበቃ ላይ የሆነ ሰው እንደመሆኔ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ እንደሆነ ይታየኛል። የመጀመሪያው ኢሙሌተር ነው፤ ይህ የኮንሶሉን ሥራ በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ሲሆን የፕሌይስቴሽን ሠሪ ሶኒ ኢሙሌተር በሠራው ኮኔክቲክስ በተባለ ድርጅት ላይ ባቀረበው ክስ የአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 የኮኔክቲክስ አሠራር አግባብ ያለው (የባለመብቱን ፈቃድ የማይሻ) አጠቃቀም ነው ብሎ ወስኗል። ሁለተኛው የገዙትን ሲዲ ለራስ መቅዳት ነው። ሦስተኛው ማከፋፈል ነው። እውነተኛው ጠብ ያለው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው።

ስለ ሁለተኛው ከሥራዬ ጥቂት ልግለጽ። የፕሌይስቴሽን ሲዲ ጀርባው ጥቁር ቢሆንም ቀለሙ የሚከላከለው ነገር የለም፤ ማንኛውም የኮምፒውተር ሲዲ ማንበቢያ ይዘቱን ያነባል። ኮንሶሉ እውነተኛውን ከቅጂው የሚለየው በሲዲው መጀመሪያ ላይ በፋብሪካ በተቀረጸ ጥቃቅን የትራክ መወላገድ ነው፤ ይህንን ተራ የሲዲ ማቃጠያ ሊጽፈው ስለማይችል ነው ሰዎች በኮንሶላቸው ውስጥ ቺፕ ያስገቡ የነበረው። ስንቀዳ ሁለት ፋይል ይወጣናል፤ ትልቁ «ቢን» የሲዲውን ይዘት እንዳለ ይይዛል፣ ትንሹ «ኪው» ደግሞ የትኛው ክፍል የጌሙ መረጃ፣ የትኛው ክፍል ሙዚቃ እንደሆነ በጥቂት መስመር ጽሑፍ ይናገራል። ትንሹ ከጠፋ ጌሙ ሙዚቃ አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሁለት ሰዎች በተለያየ አገር የቀዱት ፋይል በቁጥር ተነጻጽሮ እስኪገጥም ድረስ ቅጂውን ትክክለኛ ነው አንልም። ይህ ሁሉ ሥራ አንድ ጭረት ካለበት ሲዲ ጋር የሚደረግ ሩጫ ነው፤ ሲዲ ዘላለማዊ አይደለምና።

ሕጉ ለእኛ ያደረገው ነገር የሚያስገርም ነው። በየሦስት ዓመቱ የአሜሪካ የቅጅ መብት ቢሮ ዲጂታል ቁልፍን (የቅጂ መከላከያን) መስበር ከሚከለክለው ሕግ ነጻ የሚሆኑትን ይመረምራል። በ2021 በተሰጠው ፈቃድ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጣ ተራ ሶፍትዌርን ከሕንፃቸው ውጭ ላለ ተመራማሪ በርቀት እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው፤ የቪዲዮ ጌም ግን በሕንፃው ውስጥ ብቻ እንዲታይ ተወሰነ። ይህ ገደብ ይነሣ ዘንድ የቀረበው ጥያቄም በጥቅምት 2024 ውድቅ ሆነ። በመሆኑም የ2001 የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ለማጥናት ከቤቴ አልነሣም፤ የዚያኑ ዓመት የላክሮስ ጌም ለማጥናት ግን፣ ተቋሙ ቢኖረው እንኳ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ እስካለው ዘ ስትሮንግ የጨዋታ ሙዚየም ድረስ መጓዝ ይኖርብኛል። (ሮቸስተር ናይትሆክስ በዚያው ከተማ የሊጉ ቡድን መሆኑ ለጥናቱ ቢመችም ለኪሴ አይመችም።)

ዐቃቤ ውል፦
የቢሮውን ምክንያት ግን አብረው ቢጠቅሱት ጥሩ ነበር። ውድቅ ያደረገው በርቀት የሚቀርበው ጌም ለጥናት ሳይሆን ለመዝናኛ ይውላል፣ ያም የአሮጌ ጌሞችን ገበያ ይጎዳል በሚል ስጋት ነው። ገበያው ደግሞ ምናባዊ አይደለም፤ ሶኒ በ2018 ፕሌይስቴሽን ክላሲክ ብሎ 20 አሮጌ ጌሞችን በትንሽ ሳጥን ሸጧል። ላክሮስም በ2028 በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሊምፒክ ይመለሳል፤ ሜዳልያ የተሰጠበት በ1904 እና በ1908 ብቻ ነበር። ዛሬ የማይሸጥ ነገር ነገ ላለመሸጡ ምን ዋስትና አለ?

ጥቁር ሲዲ፦
በዚያ ሳጥን ውስጥ አንድም የላክሮስ ጌም አልነበረም። በኦሊምፒኩም የሚካሄደው ስድስት ለስድስት በሜዳ የሚደረገው ዓይነት ነው። ስፖርቱ ተወዳጅ ቢሆን አዲስ ጌም ይሠራለታል እንጂ ቡድኖቹ ግማሾቹ ከተማ የለወጡበትን የ2001 ጌም አቧራ አራግፎ የሚሸጥ ነጋዴ አይኖርም።

የጆይስቲክ ልጅ፦
ከአዲስ አበባ ነኝ። በዚህ ክርክር ላይ የእኛም ልምድ የሚናገረው ያለ ይመስለኛል። እኔና እኩዮቼ ፕሌይስቴሽንን ያወቅነው በየሰፈሩ ባሉ ጌም ቤቶች፣ በጨዋታ ሒሳብ እየከፈልን፣ በተቀዳ ሲዲ ነው። እነዚያ ሲዲዎች በወቅቱ በውጭ አገር በሙሉ ዋጋ የሚሸጡ የእግር ኳስ ጌሞች ነበሩና ከዛሬው ጉዳይ ጋር አንድ ናቸው አልልም፤ የእኛም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል።

እኔ ማለት የምፈልገው ሌላ ነው። ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው የሚቀዱት የሚወዱትን ነው። የእግር ኳሱ ጌም ሺህ ጊዜ ስለተቀዳ አይጠፋም፤ ላክሮስን ግን እዚህ የቀዳው ሰው አላየሁም። ስለዚህ «ቅዱት፣ ይተርፋል» የሚለው የጥቁር ሲዲ ሐሳብ የሚያተርፈው ታዋቂውን ነው፤ ያልታወቀውን የሚያተርፈው ደመወዝ የሚከፈለው ጠባቂ ነው። ነጻ ቅጂ ቢፈቀድ እንኳ ለብላስት ላክሮስ የሚበቃ አይመስለኝም።

ጥቁር ሲዲ፦
ከቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ የከበደኝ ይህኛው ነው። ይሁን እንጂ እስካሁን የእነዚህን ጌሞች ቅጂ በቁጥር እያነጻጸሩ ያቆዩት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ አድናቂዎች ናቸው። ጠባቂው ደመወዝተኛ ሲሆን በሩ ላይ ቁልፍ አለ፤ አድናቂው ቁልፍ ባይኖረውም በሕግ ፊት ወንጀለኛ ነው።

እናት ዘሜሪላንድ፦
ስለ ባለቤትነት ይህን ያህል ስንነጋገር ስለ ሆዲኖሾኒዎች መብት አንድ ቃል አለመነሣቱ ይገርመኛል። በ2010 ብሪታንያ ፓስፖርታቸውን አልቀበልም በማለቷ ቡድናቸው ማንቸስተር ከተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቀርቷል። ጨዋታውን የሰጡት እነርሱ ከሲዲውም ከፋይሉም ድርሻ የላቸውም።

አወያይ፦
የተከበረ ነጥብ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ክርክር የሚጠይቅ ስለሆነ ለብቻው እንክፈተው። እዚህ ወደ ቅጂው እንመለስ። ዐቃቤ ውል፣ የመዝገብ ጠባቂን ሐሳብ ይቀበላሉ?

ዐቃቤ ውል፦
ከፊሉን። ቤተ መጻሕፍት የገዙትን አንድ ሲዲ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው፣ ፋይሉ ተመልካቹ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር በርቀት ቢያሳዩ አልቃወምም። ለሁሉም በነጻ ይታደል የሚለውን ግን፣ መቆላለፉ የቱንም ያህል ቢያናድድ፣ እቃወማለሁ። ቁልፉ የሚፈታው ሕግ አውጪው ባለቤቱ ያልተገኘለትን ሥራ በተመለከተ ልዩ ሥርዓት ሲያበጅ ነው፤ ለምሳሌ ፈላጊው በቅን ልቦና ፈልጎ ካጣ፣ የተወሰነ ገንዘብ አስቀምጦ ቢጠቀም፣ ባለቤቱ ሲመጣ ቢቀበል። አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል፦ «አንድ ሲዲ ለአንድ ሰው» የሚለውን ደንብ ተቋማቱ መጠበቃቸውን ማን ይቆጣጠራል?

መዝገብ ጠባቂ፦
ራሱ ሥርዓቱ ይቆጣጠራል። ጌሙ የሚሠራው በእኛ ማሽን ላይ ነው፤ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ምስሉና ድምፁ ብቻ ሲሆን የሚላክልን የጆይስቲኩ ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ሲገባ ለሌላው ይዘጋል፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓትም ይመዘገባል። የሦስት ዓመቱ ምርመራ ቀጣዩ ዙር የሚደርሰው በ2027 ነው፤ መዝገቡን ለቢሮው ይዘን ብንቀርብ «ለመዝናኛ ይውላል» የሚለው ስጋት በቁጥር ሊመዘን ይችላል። ያስቀምጥ የተባለውን ገንዘብ ግን ለአንድ የላክሮስ ጌም ስንት ብለው እንደሚተምኑት ከዐቃቤ ውል መስማት እፈልጋለሁ፤ መጠኑ ከፍ ካለ ከላይ የተነገረው መቆላለፍ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣልና።