ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ የጋራ የሚኒስትሮች ኮሚሽን የምናቀርበው ሐሳብ፦ ምን ይቅደም?

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ የባለንብረቶች፣ የሾፌሮችና የጉምሩክ አስተላላፊዎች ጥያቄ በአንድ ሰነድ ተጠቃልሎ እንዲቀርብ ተስማምተናል። የመጀመሪያው ረቂቅ ግን ሁሉንም ልያዝ ብሏል፤ የወደብ ክፍያ፣ በድንበሯ ከተማ በጋላፊ የሚያልፈው መንገድ፣ የባቡሩ ድርሻ፣ የነዳጅ ጭነት፣ የባሕር በር ጉዳይ ሳይቀር ገብቶበታል። ሁሉን የጠየቀ ደብዳቤ በቀጠሮ ይመለሳል። ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ መርጠን እስከ መጨረሻው ብንከራከርላቸው ይሻላል። የትኞቹ ይሁኑ?

ከባለንብረት አባል፣ አዳማ፦
ክፍያው ይቅደም። ኮንቴይነር ወደብ ላይ ሲቆይ የሚቆጠረው የማከማቻ ሂሳብም ሆነ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲያዝ ለመርከብ ድርጅት የሚከፈለው ቅጣት (ዲሜሬጅ) በውጭ ምንዛሪ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ተቆራኝቶ ለ1 ዶላር 177.721 እንደሆነ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ይመነዘራል። አንድ ቀን መዘግየት ዛሬ በብር ሲሰላ የሚያስከትለውን ኪሳራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅናሽ እንጠይቅ።

ከቀድሞ ሾፌር አባል፦
ወንድሜ፣ ምሬትህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክፍያውን የሚወልደው መዘግየቱ ነው። መዘግየቱን ሳንነካ ቅናሽ ብናገኝ፣ ቅናሹን ያው ወረፋ መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ ሰነዳችን ከሚጠብቀው ሰው ይጀምር።

ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወደብ ለመድረስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይነዳል። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ሠርዶ፣ ከዚያ ጋላፊ፤ ድንበሩን ካለፉ በኋላ ዮቦኪና ዲክሂል። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ወረፋ ላይ ያለ ሾፌር ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ይዘረጋል፤ የሚጠጣውን ውኃ ጄሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያንጠለጥላል። ጥላ ፍለጋ መኪናውን ትቶ ቢሄድ ተራው ያልፋል፣ ነዳጁ ይቀዳል፣ ሸራው ይቀደዳል። ስለዚህ አይተኛም። ይህ ሰው ነው በማግሥቱ 400 ኩንታል ጭኖ የአፋርን ቁልቁለትና ዳገት የሚነዳው። መንገድ ላይ የምንቀብራቸው ልጆች ሁሉ በፍጥነት ብቻ የሞቱ አይምሰላችሁ፤ በእንቅልፍ የሞቱት ብዙ ናቸው።

የምለው ይህ ነው፦ በሁለቱም አገሮች በኩል ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና የሕክምና ጣቢያ ያለው፣ ጥበቃ የሚደረግለት ማቆያ ይኑር። ሾፌሩ እንደደረሰ ቁጥር ይውሰድ፤ ጭነቱ ሲዘጋጅ በስልክ ይጠራ። ቁጥሩ ተኝቶም ቢሆን የእሱ ሆኖ ይቆይ።

ከጉምሩክ አስተላላፊ አባል፦
ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ማንም ሊቃወመው አይችልም። ከሰነድ በኩል አንድ ልጨምር። መኪና ብዙ ጊዜ የሚቆመው ጭነቱ ተጠርጥሮ ሳይሆን ወረቀቱ ዘግይቶ ወይም ተሳስቶ ነው። ለምሳሌ የመርከብ ድርጅቱ የጭነት ደረሰኝ (ቢል ኦፍ ሌዲንግ) ላይ ክብደቱ 27,450 ኪሎ ተብሎ የመርከቡ የጭነት ዝርዝር (ማኒፌስት) ላይ 27,540 ቢሆን፣ ሁለት ቁጥር ቦታ ስለተለዋወጠ መኪናው፣ ሾፌሩና ኮንቴይነሩ አብረው ይታሰራሉ። እርማቱ እስኪመጣ የሚያልፈውን ቀን ማን ይከፍላል? የጽሕፈት ስሕተት ከሆነና ኮንቴይነሩ የታሸገበት ማኅተም ካልተነካ፣ ኮንቴይነሩ በዋስትና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይለፍና እዚያ ይታረም። ቀረጡ የሚከፈለው አገር ውስጥ ስለሆነ መንግሥት አንድ ሳንቲም አያጣም።

ደግሞም ጠያቂ ብቻ ሆነን መቅረብ የለብንም። ጅቡቲ ከእኛ ኤሌክትሪክ ትወስዳለች፤ አትክልትና ፍራፍሬም ከዚህ ይሄድላታል። ቲማቲም ድንበር ላይ ሲውል የሚከስረው የእኛ ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የጅቡቲ እናትም ገበያ ወጥታ በውድ ትገዛለች። ስለዚህ በቶሎ ለሚበላሽ ምርት በጋላፊም በሌላዋ የድንበር መተላለፊያ በደወሌም ፈጣን መስመር ይከፈት ብለን እኛው እናንሣ።

ከወጣት አባል፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዋናውን ነገር የሸሸን መሰለኝ። ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት በኋላ የአሰብ ወደብ መስመር ተዘግቶ የውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በአንድ ወደብ ላይ ወደቀ። ሌላ አማራጭ እንፈልጋለን የሚል ካልገባ ሰነዱ ምን ዋጋ አለው?

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሐሳብህ ትልቅ ነው፤ አገሪቱም እየተወያየችበት ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ሲፈረም ቀጣናው ምን ያህል እንደተካረረ አይተናል። ጅቡቲም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የታጁራን ወደብ በአማራጭነት አቅርባለች። ይህ የመንግሥታት ድርድር ነው። በዚህ ሰነድ ውስጥ ከገባ የጅቡቲ ተወካዮች የሾፌሩን ውኃ ሳያነቡ የእኛን ዓላማ መመርመር ይጀምራሉ። ለብቻው እንወያይበት፤ ከዚህ ግን ይውጣ።

የክፍያ ቅናሹንም ወደ ኋላ አድርጌ እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

«በድንበርና በወደብ አካባቢ የሚጠብቁ የጭነት ሾፌሮች ጥላ፣ ውኃ፣ መጸዳጃና ሕክምና ያለው ማቆያ እንዲያገኙና በተራ ቁጥር እንዲጠሩ፤ ማኅተማቸው ያልተነካ ኮንቴይነሮች የጽሕፈት ስሕተት ቢገኝባቸው በዋስትና አልፈው በመድረሻቸው እንዲታረም፤ በቶሎ የሚበላሹ ምርቶች በሁለቱም አቅጣጫ ፈጣን መስመር እንዲኖራቸው፤ በነጋዴው ወይም በሾፌሩ ጥፋት ላልሆነ መዘግየት የማከማቻ ክፍያ እንዳይቆጠር እንጠይቃለን።»

ከባለንብረት አባል፣ አዳማ፦
የመጨረሻዋ ሐረግ ካለች እፈርማለሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመር፤ የአፈር ማዳበሪያ በሚጓጓዝባቸው ወራት መኪኖቻችን ቅድሚያ ለማዳበሪያ ይሰጣሉ፤ ልክም ነው፣ ገበሬው ዝናቡን አያስቆምም። ያን ጊዜ ሌላ ጭነት ወደብ ላይ ቢቆይ ጥፋቱ የባለ ጭነቱ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ከቀድሞ ሾፌር አባል፦
ይጻፍ። የማቆያውን ወጪ ማን ይሸፍናል ተብሎ መጠየቁም አይቀርም፤ መልስ ይዘን እንሂድ። ከእያንዳንዱ ጉዞ ትንሽ መዋጮ ለማድረግ ባለንብረቶች ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ እኔ ሾፌሮቹን አነጋግሬ ምላሻቸውን እስከ ዓርብ አመጣለሁ።

ከጉምሩክ አስተላላፊ አባል፦
የፈረንሳይኛውን ቅጂ እኔ አዘጋጃለሁ። በጅቡቲ ያሉ የሥራ ባልደረቦቻችንም ቀድመው ቢያዩትና የሚስማሙበትን ከእኛ ጋር ቢፈርሙበት መልካም ነው።