የንባብ ቡድን ዕቅድ፣ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል (ረቂቅ 3)

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። ዓላማው ንባብ የሚከብዳቸው ልጆች ለምን እንደሚከብዳቸው ራሳቸው እንዲረዱት ነው። 4 ቡድን፣ በቡድን 6 ልጅ፣ በሳምንት 2 ቀን ለ30 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ። ወጪ 9,600 ብር። አርብ ለርዕሰ መምህሩ ይገባል፣ አስተያየት እስከ ረቡዕ ማታ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለን 11,250 ነው። ከቲሸርቱ ጉዳይ ወዲህ ያለ ሦስት ፊርማ ብር እንደማይወጣ ታውቃላችሁ። ዝርዝሩ የታለ?

መምህርት 2ኛ ለ፦ 10 የፊደል ቤት በ7፣ 70 ካርድ። ለ4 ቡድን 280። አንድ ኤ4 ላይ 8 ካርድ ስለሚወጣ 35 ገጽ ነው። ቀለም ሕትመት በ40፣ 1,400። ላሚኔሽን በ60፣ 2,100። የልጆቹ መጽሔት 8 ገጽ በ60 ኮፒ፣ ገጹ በ10 ብር፣ 4,800። ካርቶንና መቀስ 1,300። ላሚኔሽኑ የሚያብረቀርቀው እንዳይሆን። መስኮት ዳር የተቀመጠ ልጅ ካርዱን እያዘነበለ ሲያይ «ዓይኑ ነው» ይባላል።

ልዩ ፍላጎት መምህር፦ መጽሔቱ ገጽ 2 ላይ ያለው «የሚደንሱ ፊደሎች» ሥዕል ይውጣ። ዲስሌክሲያ (ከባዱ የንባብ ችግር) የዓይን ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው የቃሉን ድምፅ ነጣጥሎ ከፊደሉ ጋር ማገናኘቱ ነው። ፊደል ሲደንስ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሥዕሉን ካየ «እንግዲያው እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ነው የሚሄደው።

በምትኩ ይህን እናድርግ። መጀመሪያ «መ»ን በዜማ ያውርዳት፣ ይወጣዋል። ቀጥሎ «ሚ»ን ለብቻዋ አሳዩት። ብዙዎቹ ጣት እያጠፉ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብለው ነው የሚደርሱባት። ያኔ የሚነገረው፦ «ዜማውን ታውቀዋለህ፣ ፊደሏና ድምፅዋ ግን ገና አልተጣበቁም። በልምምድ ይጣበቃሉ፣ ላንተ ድግግሞሹ ከጓደኛህ ይበዛል።» ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ነገሩ ይገባዋል። ወላጅም «ልጄ ፊደል ጨርሷል» ማለቱን ይተዋል።

የሶስና እናት፦ ልጆቹን «ዲስሌክሲያ አለባችሁ» ልትሏቸው ነው?

ልዩ ፍላጎት መምህር፦ አንልም፣ ያ የባለሙያ ምርመራ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከምንባቡ አንድም ቃል አላነበቡም። ያ ሁሉ ዲስሌክሲያ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮና ዓይን ይታይ። ከዚያ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እኩል የሚደናቀፈውን እንለይ። በአንዱ ብቻ ከሆነ ምናልባት ቋንቋውን በደንብ ስላልለመደ ነው። ስማቸው ሰልፍ ላይ አይጠራ፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜም አይወሰዱ።

የቀድሞ አማርኛ መምህር፦ የመጽሔቱ ሽፋን «ፅሁፍ» ይላል። ጽሑፍ በጸሎቱ ጸና በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። እንዲህ ሆኖ ለልጅ ከተሰጠ እኔ አልፈርምም።

የኪያ አባት፦ ጋሼ፣ አቃቂር አያውጡ። ሦስት ሳምንት ያወራንበት ነገር ነው።

የቀድሞ አማርኛ መምህር፦ ፊደል ልናስተምር ተሰብስበን ፊደል ስናበላሽ ዝም ልበል?

መምህርት 2ኛ ለ፦ ሽፋኑ ይስተካከላል፣ አለቀ።

የቀድሞ አማርኛ መምህር፦ አላለቀም። ካርዱ ላይ ንጉሡ ሠ የለም። ፀሐዩ ፀ የለም። ዐይኑ ዐ የለም። ማን አወጣቸው?

ልዩ ፍላጎት መምህር፦ እኔ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስት መልክ አንድ ድምፅ ናቸው። ድምፅና ፊደል ማጣበቅ ላቃተው ልጅ ሞክሼዎቹን በመጀመሪያው ወር መስጠት ያጣበቀውን መልሶ ማላቀቅ ነው። ለ፣ መ፣ ረ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ወ፣ ደ፣ ገ ይበቃሉ። ሞክሼዎቹ በኋላ ከነቃላቸው ይመጣሉ።

የኪያ አባት፦ «ፀሐይ» ብሎም «ጸሃይ» ብሎም የሚጽፍ ጋዜጣ ሞልቷል። አገሩ ያልተስማማበትን የ8 ዓመት ልጅ ላይ ልንጭን ነው?

የቀድሞ አማርኛ መምህር፦ አገሩ ስላጠፋ እኛም እናጥፋ በል።

የኪያ አባት፦ ማን እናጥፋ አለ? ያላልኩትን አይበሉኝ!

ሰብሳቢ፦ ኧረ ባካችሁ። ሁለታችሁም ለዛሬ ይብቃችሁ።

የሶስና እናት፦ ሞክሼ የለዋወጠ ልጅ ፈተና ላይ ነጥብ ይቀነስበታል ወይስ አይቀነስበትም? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

መምህርት 2ኛ ለ፦ ይቀነስበታል። በቃል ጽሕፈት ከ10 ቃል 4ቱን በሞክሼ ብቻ የሚያጣ ልጅ አለ፣ ድምፁን በትክክል ሰምቶ።

የቀድሞ አማርኛ መምህር፦ የኪያ አባት፣ ክፉ አስቤ አይደለም። በቃል ጽሕፈቱ ላይ ከመምህርቷ ጋር ነኝ፣ ድምፁን ከያዘ ግማሽ ነጥብ ይሰጠው። ግን የፊደል ሰሌዳ በየክፍሉ ይለጠፍ፣ ልጁ ቀና ብሎ እንዲያይ።

የኪያ አባት፦ ለሰሌዳው ተቃውሞ የለኝም ጋሼ።

ልዩ ፍላጎት መምህር፦ ሰሌዳው ጥሩ፣ ግን ዋናው ጉዳይ እየተረሳ ነው። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ መጥበቅና መላላት አለ። «ገና» በዓሉም ነው፣ «ገና አልመጣም»ም ነው። «አለ» ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፣ ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት) ግን ተነባቢውን ደግሞ ይጽፈዋል። ልጁ አጥብቆ ማንበብ ሲገባው ቢያላላ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ይነገረው። ስድስተኛው ላይ ደግሞ ለመምህሩ የሚለውን ይለማመዳል፦ «ጮክ ብዬ ከማንበቤ በፊት አንዴ በልቤ ልየው።» እነዚህ ሁለቱ እንዳይቆረጡ።

ሰብሳቢ፦ ካርድ እቆርጣለሁ ያሉት ሁለቱ ወላጆች የት ናቸው?

ጸሐፊ፦ አንዷ ከቡድኑ ወጥታለች። ሌላው አይቶ አልመለሰም።

የኪያ አባት፦ ባነሩ ላይ የአንስታይን ፎቶ ቢሆንስ? ዲስሌክሲያ ነበረበት ይባላል።

ልዩ ፍላጎት መምህር፦ ማስረጃ የለውም። ደግሞ ባነር ከየት መጣ?

ሰብሳቢ፦ ለወላጆች ግማሽ ቀን ከተዘጋጀ ባነር ይኖራል፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ። እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ ሰሌዳ ለ12 ክፍል በ350፣ 4,200። ካርድ 2 ስብስብ፣ 1,750። መጽሔት 4 ገጽ፣ 2,400። ካርቶንና መቀስ እንዳለ። ክፍለ ጊዜው 3። የቃል ጽሕፈት ነጥብ ጥያቄ በመጀመሪያው አንቀጽ።

ልዩ ፍላጎት መምህር፦ በ3 ጊዜ አራተኛውና ስድስተኛው የት ይገባሉ?

ሰብሳቢ፦ ሁለተኛ ሴሚስተር።

ገንዘብ ያዥ፦ 9,650 መጣ። ከረቂቁ 50 ብር በልጧል፣ አንድ መቀስ ከቤት ይምጣ። እኔ ፈርሜያለሁ።

የቀድሞ አማርኛ መምህር፦ እኔም።

መምህርት 2ኛ ለ፦ በ2 ስብስብ ካርድ 4 ቡድን አይሠራም፣ ሁለቱ ቡድኖች ማክሰኞና ሐሙስ ይሁኑ። ካርዱ ላይ ሳድሷ በሌላ ቀለም ትታተም የሚለው ሰሌዳው ላይም ይግባ፣ ል፣ ም፣ ር አንድ ወጥ መልክ ስለሌላቸው ልጅ የሚስተው እዚያ ነው።

ጸሐፊ፦ ሦስተኛ ፊርማ የማን ነው? ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን ነገ እስከ 10 ሰዓት ይፈልጋል።