አፕልን ያተረፈው የማይክሮሶፍት ገንዘብ ነው ወይስ የስቲቭ ጆብስ መቀስ?

አስተዳዳሪ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይሄ ነው። አፕል በ1996 የበጀት ዓመት 816 ሚሊዮን፣ በ1997 ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በ1997 ነሐሴ ማይክሮሶፍት የ150 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ገዛ። በ1998 አይማክ የተባለው ኮምፒውተሩ ወጣ፤ ኩባንያው ወደ ትርፍ ተመለሰ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው። ማን አዳነው? ስድብ የለም።

ቢኒ፦ ማይክሮሶፍት ነዋ! ጆብስ ስምምነቱን ቦስተን ላይ ሲያስታውቅ የማይክሮሶፍቱ መሪ የቢል ጌትስ ፊት ከጆብስ ጀርባ ባለው ግዙፍ ስክሪን ላይ ሲወጣ የአፕል ወዳጆች በጩኸት ተቃወሙ። የጮኹበት ሰው ግን የደረሰላቸው ሰው ነበር።

የሒሳብ ሰው፦ ወንድሜ ቢኒ፣ እስቲ እናስላው። በዓመት ከ1 ቢሊዮን በላይ ለሚከስር ድርጅት 150 ሚሊዮን የሁለት ወር ኪሳራ እንኳ አይሸፍንም። ያዳነው ገንዘብ ነው ካላችሁ የአፕል የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ፍሬድ አንደርሰን በ1996 በቦንድ ያሰባሰበው 661 ሚሊዮን ዶላር ነው መነሳት ያለበት። ያ ባይኖር ጆብስ ተመልሶ የሚያድነው ኩባንያ አያገኝም ነበር። የአንደርሰንን ስም የሚያነሳ ሰው አለመኖሩ ሁሌም ያናድደኛል።

ቢኒ፦ ገንዘቡን ተወው። ማይክሮሶፍት ኦፊስን ለአፕል ኮምፒውተር ለማክ ለ5 ዓመት ለማውጣት ፈርሟል። ወርድና ኤክሴል የሌለበትን ኮምፒውተር የትኛው መሥሪያ ቤት ይገዛል?

ሰላም ዲዛይነሯ፦ ኦፊስ ትልቅ ነገር ነው፤ በሽታው ግን ውስጥ ነበር። ፐርፎርማ የሚባሉትን የአፕል ማሽኖች ተመልከቱ፦ 5200፣ 5210፣ 5215፣ 5220። ፕሮሰሰራቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ ልዩነቱ እንደ ዲስክ መጠንና አብሮ እንደሚሸጠው ሶፍትዌር ባለ ነገር ነው። ገዢው በምን ይለያቸው? በዚያ ላይ ኮፕላንድ የተባለው አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓመታት ከተለፋበት በኋላ በ1996 ተሰረዘ። የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጊል አሜሊዮ፣ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ያቋቋመውን ኔክስት የተባለ ኩባንያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የገዛው ለዚህ ነው፤ ጆብስም አብሮ መጣ። እሱ ደግሞ ሰሌዳ ላይ አራት ክፍል ያለው ሣጥን ሣለ፤ ለተራ ተጠቃሚና ለባለሙያ፣ የጠረጴዛና ተንቀሳቃሽ። ከዚያ ውጭ ያለው ተቆረጠ፣ ኒውተን የተባለው የእጅ ኮምፒውተር ሳይቀር። ጥሩ መሐንዲሶች በአራት ማሽን ላይ ሲያተኩሩ ነው አይማክ የተወለደው። አንድን ነገር መተው ከመጀመር የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፣ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው።

የሒሳብ ሰው፦ በ1998 ከኮምፒውተር ድርጅቱ ከኮምፓክ የመጣውን ቲም ኩክንም ጨምሪበት። መጋዘን ዘግቶ፣ የወር ያህል የነበረውን የዕቃ ክምችት ወደ ቀናት አወረደው።

አቤል፦ እህቴ ሰላም፣ ያ መቀስ የሰው እንጀራም ቆርጧል። አፕል ገና በመጋቢት 1997፣ ጆብስ መሪ ሳይሆን፣ ከ4,000 በላይ የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር። ቀጥሎ ማክ መሰል ኮምፒውተር ይሠራ የነበረው ፓወር ኮምፒውቲንግ የተባለ ድርጅት ሥራው በአፕል በ100 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ ከገበያ ወጣ። እነዚህን ሰዎች ማን አዳነ?

ሰላም ዲዛይነሯ፦ የተፎካካሪው የዴል ኮምፒውተር መሪ ማይክል ዴል በ1997 ጥቅምት ምን እንዳለ ታስታውሳለህ? እሱ ቢሆን አፕልን ዘግቶ ገንዘቡን ለባለአክሲዮኖች ይመልስ ነበር። ያ ቢሆን የቀሩትስ የት ይገቡ ነበር?

አቤል፦ የቀሩት መትረፋቸው ደስ ይለኛል። ግን አሜሊዮ ሲሰናበት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዞ ወጥቷል። ፐርፎርማን በአራት ቁጥር ለመሸጥ የወሰነው ሣጥን የሚገጣጥመው ሠራተኛ አልነበረም፤ ሥራውን ያጣው ግን እሱ ነው።