አዲሱ የውጭ አገር ኃላፊ «ካልገባት ለምን እሺ አለችኝ?» ይላሉ፤ ምን ልበላቸው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ፤ ከስሪላንካ ለመጡት አዲስ የምርት ኃላፊም አስተረጉማለሁ። ሰውየው ሥራቸውን የሚወዱ፣ ማንንም መበደል የማይፈልጉ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከሠራተኛው ጋር መግባባት አቅቷቸዋል። ባለፈው ሳምንት በአንድ መስመር ላይ መርፌ ተሰበረ። የብረት ቁራጭ በልብስ ውስጥ ቀርቶ የሚለብሰውን ሰው እንዳይወጋ፣ ስብርባሪው በሙሉ ተሰብስቦ ካልቀረበ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ኃላፊው ይህንኑ በሁሉም ፊት ለሰፊዋ ነገሯት፤ እሷም አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። ከሰዓት በኋላ ሌላ መርፌ ሲሰበር ግን ስባሪው ጠፋ፤ በመስመሩ ላይ የነበረው ልብስ ሁሉ ለፍተሻ ታገደ። ሲቆጧት ዝም አለች፤ በማግስቱም ከሥራ ቀረች። ሳላስከፋቸው እንዴት ላስረዳቸው?

የቀድሞ የመስመር ኃላፊ፦ እህቴ፣ በአለቃ ፊት የሚባል «እሺ» አብዛኛውን ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ አከብርዎታለሁ» ማለት እንጂ «ገብቶኛል» ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይንገሯቸው። «ገባሽ?» ብለው መጠየቃቸውንም ይተዉት፤ መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው። ይልቁንስ «አሁን መርፌው ቢሰበር ምን ታደርጊያለሽ? እስኪ አሳዪኝ» ይበሏት። ተግሣጽ ሲኖራቸው ደግሞ ከመስመሩ ፈቀቅ አድርገው ለብቻዋ ይንገሯት፤ በጓደኞቿ ፊት የተቆጧት ልጅ የምታስበው ስለ መርፌው ሳይሆን ነገ በምን ፊቷ እንደምትገባ ነው።

ከፒያሳ፦ በዚህ ላይ ከሚያጋጯቸው ነገሮች አንዱ ለቅሶ ነው፤ ሳይደርስ ቢነገራቸው ጥሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመዱ ሲሞት 3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከክፍያ ጋር ያገኛል። የጎረቤት ቀብር በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ሠራተኛው ግን ከጎረቤት ቀብር መቅረት ይከብደዋል፤ ስለዚህ የሰዓታት ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ብትስማሙ ይሻላል። ሌላው ስም ነው፦ ሴቲቱን በአባቷ ስም ከጠሯት የሚጠሩት አባቷን ነው።

የታቦር ነዋሪ፦ ከላይ የተሰጡት መልሶች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉንም በይሉኝታ ብቻ ማሳበብ አልወድም። ከገጠር ሲዳማ የመጡ ብዙ ሠራተኞች አፋቸውን የፈቱት በሲዳሙ አፎ ነው። የኃላፊው ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ልጅቷ ደግሞ በልቧ ወደ ሲዳሙ አፎ ትመልሰዋለች። ጠያቂዋ ሆይ፣ ያን ዕለት በአማርኛ ያሉት ቃል ምን ነበር? ልጅቷንስ ምን እንደሰማች ጠይቀዋታል?

ጠያቂ፦ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ትናንት ከጓደኞቿ ጋር የተከራየችበት ቤት ድረስ ሄድኩ። እኔ ያልኳት «ስብርባሪውን አንሺው» ነበር፤ እሷም በታዘዘችው መሠረት ከማሽኑ ላይ አንስታ ጠራርጋ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው። «ሰብስበሽ አስረክቢ» ማለት ነበረብኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ለኃላፊውም ጥፋቱ የእኔ ቃል መሆኑን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ በስሟ እንዴት እንደምትጠራ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሲዳሙ አፎ የምትናገር የመስመር ኃላፊ ባለችበት፣ የተሰበረ መርፌ በእጃችን ይዘን ከመሰብሰብ እስከ ማስረከብ ያለውን ደግመን እናሳያለን፤ ልጅቷም እንደምትመጣ ነግራኛለች።