«መዋዕለ ንዋይ ፈሰሰ» ሲባል የፈሰሰው ምንድን ነው?

ባለጥያቄ፦
ወደ ታዳጊ ሀገሮች ስለሚገባው የውጭ ገንዘብ ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ እያሰናዳሁ ሳለሁ በአንድ ሐረግ ላይ ተቸግሬአለሁ። በጋዜጦቻችን የውጭ ባለሀብት ፋብሪካ ሲተክልም፣ ለንደን የተቀመጠ የፈንድ አስተዳዳሪ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ የሚያሠራ) የአንድን ሀገር የመንግሥት ቦንድ ገዝቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሸጥም «መዋዕለ ንዋዩን አፈሰሰ» ይባላል። ሁለቱ ድርጊቶች እጅግ የተራራቁ ሆነው ሳለ በአንድ ስም መጠራታቸው አንባቢን ያሳስታል ብዬ እሰጋለሁ። የምትለዩባቸው ቃላት ካሏችሁ ብትነግሩኝ? «ፈንድ» የሚለውንስ እንዳለ ልተወው ወይስ ልተርጉመው? (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆኑ መላሾችም በዚያው ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።)

የግዕዝ ተማሪ፦
ከአጻጻፉ ልጀምር። ብዙዎች «መዋዕለ ነዋይ» ብለው ይጽፋሉ፤ የግዕዙ ቃል ግን «ንዋይ» ነው፤ ንዋየ ቅድሳት በሚለው ውስጥ እንደምናገኘው ዕቃን፣ ንብረትን፣ ገንዘብንም ያመለክታል። «መዋዕል» ቀናት ወይም ዘመን ማለት ሲሆን «ዋለ» ከምንለው ግሥ ጋር ሥሩ አንድ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ሕፃናት የሚውሉበት እንደሆነ ሁሉ፣ መዋዕለ ንዋይንም ገንዘብ የሚውልበት ሥራ ብሎ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ሐረጉ የቆይታውን ጊዜ አይወስንም፤ ሠላሳ ዓመት የሚውለውም አንድ ቀን የሚውለውም ይገባበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግሡ ነው። «ማፍሰስ» ስንል የሚሰማን የማይመለስ ነገር ነው፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላልና። እርስዎ የጠቀሱት የፈንድ ገንዘብ ግን በደንብ ይታፈሳል።

ከባንክ ቤት፦
የግዕዝ ተማሪው የተናገሩት ከሥራችን ጋር ይገጥማል፤ ሆኖም የሚታፈሰው የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

በዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ የውጭ ባለሀብት በአንድ ኩባንያ ውስጥ ድምፅ ከሚሰጡ አክሲዮኖች 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከያዘ ገንዘቡ «ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያ በታች ያለው አክሲዮንና ቦንዱ በ«ፖርትፎሊዮ ኢንቨስትመንት» ሥር ይገባል። የመጀመሪያው በአማርኛ «የውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት» ተብሎ ስለጸና አያከራክርም። በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለቴሌኮም ፈቃድ ለኢትዮጵያ መንግሥት 850 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል የሆነው ይህ ነው፤ ከፈቃዱ በኋላ ማማ መትከል፣ ሠራተኛ መቅጠር አለና ባለቤቱ በማግስቱ ልውጣ ቢል እንኳ መሬት ላይ የተከለውን ነቅሎ ሊሄድ አይችልም። ሁለተኛውን እኔ «የሰነድ ኢንቨስትመንት» እለዋለሁ፤ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ (አክሲዮንን፣ ቦንድንና የመሳሰለውን ሰነድ የሚያመለክት) የሚለው ቃል በካፒታል ገበያው ሥራ ላይ ስለዋለ ለጆሮ አዲስ አይሆንም።

አሁን ወደ መታፈሱ ልምጣ። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2014 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ሸጣለች። ቦንዱን የገዛ ፈንድ በማግስቱ ለሌላ ቢሸጠው ከኢትዮጵያ አንድ ዶላር አይወጣም፤ የሚለወጠው የባለዕዳው አበዳሪ ስም ብቻ ነው። የቦንዱ ዋጋ ቢወድቅ የሚጎዳን ዳግም ለመበደር ስንወጣ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ተመልሶ የሚወጣው ፈንዱ ወደ ተበዳሪው ሀገር የውስጥ ገበያ ገብቶ፣ ዶላሩን ወደዚያ ሀገር ገንዘብ ለውጦ፣ አክሲዮን ወይም የመንግሥት ሰነድ ገዝቶ እንደሆነ ነው፤ ሲሸጥ ዶላሩን መልሶ ይጠይቃልና። ጋዜጠኞቻችን እነዚህን ሁለት መንገዶች ሲያደባልቁ ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ።

በነገራችን ላይ እንዲህ በውጭ ገበያ ለሚሸጥ ቦንድ የተሰጠው «ዩሮቦንድ» የሚለው ስም ከዩሮ ገንዘብ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስሙ የመጣው የጣሊያኑ የአውራ ጎዳና ድርጅት በ1963 በለንደን በኩል 15 ሚሊዮን ዶላር ከተበደረበት ጊዜ ነው፤ ዩሮ የሚባለው ገንዘብ ያን ጊዜ ገና አልተፈጠረም። የእኛውም በዶላር ነበር።

ተርጓሚዋ፦
ስለ «ፈንድ» እኔ ልመልስ። ቃሉ በአማርኛ ሁለት ሥራ ይዟል። «የጡረታ ፈንድ»፣ «የመንገድ ፈንድ» ስንል ለአንድ ዓላማ ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ ማለታችን ነው። «ፈንድ አገኘን» ስንል ደግሞ ለጋሽ ረዳን ማለት ነው፤ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ ፈንዶች ወደ አፍሪካ ገቡ» ብለው ቢጽፉ፣ ከአንባቢዎችዎ ግማሹ እርዳታ የመጣ ይመስለዋል። የዋሽንግተኑ አይኤምኤፍ ራሱ በስሙ ፈንድ ሆኖ ሳለ እኛ «የገንዘብ ድርጅት» ወይም «የገንዘብ ተቋም» ብለን ስለተረጎምነው ቃሉ በዚያም በኩል አልተዋወቀም።

እኔ «የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ» ብዬ እጽፍና በመጀመሪያው አንቀጽ እፈታዋለሁ። የምፈታውም ከዕቁብ በመለየት ነው፦ በዕቁብ ሁሉም እኩል ጥሎ ተራው ሲደርስ ሙሉውን ይወስዳል፤ በፈንድ ግን ተራ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ባለድርሻ ድርሻውን በፈለገ ቀን ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ያልተረዳ አንባቢ ገንዘቡ ለምን እንደሚሸሽ አይገባውም። የቺካጎ ጡረተኛ ፈርቶ ድርሻዬን ስጡኝ ሲል አስተዳዳሪው ገንዘቡን ለማግኘት የያዘውን ይሸጣል፤ የሚሸጠው በኢንዶኔዥያ ገንዘብ የተገዛ የኢንዶኔዥያ ቦንድ ከሆነ ኢንዶኔዥያ ምንም ሳታጠፋ ገንዘብ ወጣባት ማለት ነው። በማርች 2020 በኮሮና ድንጋጤ ከታዳጊ ሀገሮች ገበያዎች በአንድ ወር ውስጥ ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ መውጣቱን የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኢንስቲትዩት ገምቶ ነበር። ብዙ ፈንዶች የሚከተሉት ኢንዴክስም (የትኞቹን ሰነዶች እንደሚይዙ የሚመሩበት ዝርዝር) እንዲሁ ያደርጋል፤ ጄፒ ሞርጋን በ2015 ናይጄሪያን ከቦንድ ኢንዴክሱ ሲያስወጣት ያንን ኢንዴክስ የሚከተሉ ፈንዶች ስለ ናይጄሪያ ያላቸው አስተያየት ምንም ይሁን ምን ሰነዷን መልቀቅ ነበረባቸው።

ባለጥያቄ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። «ታዳጊ ገበያዎች» የሚለውንስ እንዴት ታዩታላችሁ?

ተርጓሚዋ፦
ያ ስም ራሱ የፈንድ ሻጭ ፈጠራ ነው። በ1981 አንቷን ቫን አግትሜል የተባለ፣ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ባልደረባ «የሦስተኛው ዓለም የአክሲዮን ፈንድ» ለማቋቋም ኒው ዮርክ ላይ ለባለገንዘቦች ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም በዚህ ስም ማንም አይገዛም አሉት። እርሱም «ኢመርጂንግ ማርኬትስ»፣ ማለትም ብቅ እያሉ ያሉ ገበያዎች፣ የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም አወጣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚሁ ስም 50 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ፈንድ ተቋቋመ። እንግዲህ «ታዳጊ» ስንል የድህነት ደረጃ የምንለካ ይመስለናል፤ የመጀመሪያው ስም ግን ገዢን ለማማለል የተመረጠ ነበር። ስለዚህ ሀገሩን «በማደግ ላይ ያለ»፣ ገበያውን «ብቅ ያለ» ብሎ መለየት ይሻላል እላለሁ፤ «ብቅ ያለ ገበያ» ለጆሮ ትንሽ እንደሚጎረብጥ አልክድም።

የግዕዝ ተማሪ፦
«ታዳጊ» ሌላም ጣጣ አለበት፤ ከ«ታደገ» ከወሰድነው አዳኝ ማለት ይሆናል። ብድር ውስጥ የተዘፈቀን ሀገር አዳኝ ብሎ መጥራት ስላቅ ይመስላል።

ከባንክ ቤት፦
አንድ ቃል ልጨምርና አስተያየታችሁን ልጠይቅ። ባሪ አይከንግሪንና ሪካርዶ ሐውስማን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1999 ድሃ ሀገሮች በራሳቸው ገንዘብ ከውጭ መበደር አለመቻላቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የአዳም በደል በሚጠራበት ስም ሰየሙት። በእኛ ቋንቋ ይህ «ጥንተ አብሶ» ነው። ትርጉሙ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በራሳችን ቦንድ ላይ ነው። ስንበደር አንድ ዶላር በ20 ብር ገደማ ስለነበር ዕዳው ወደ 20 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ ቀድሞውኑ ወደ 57 ብር ደርሶ ነበር፤ ቦንዱ የሚመለስበት ዲሴምበር 2024 ሲደርስ ደግሞ ከ120 ብር አልፏል። ከዚያ ቦንድ ላይ አንድ ሳንቲም ሳንጨምር ዕዳው በብር ሲሰላ ስድስት እጥፍ ሆነ። ከዓመት በፊት፣ በዲሴምበር 2023፣ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል መቅረቱም አይዘነጋም። ቃሉን ለመጽሔት ብጠቀምበት ነውር ይሆናልን?

የግዕዝ ተማሪ፦
ነውር አይሆንም፤ ግን አልመክርም። ጥንተ አብሶ በእኛ ዘንድ ከፍተኛ የሃይማኖት ክርክር ያለበት ቃል ስለሆነ ግማሹ አንባቢ ስለ ምንዛሪ ማሰቡን ትቶ ወደዚያ ክርክር ይሄዳል። ደግሞም በዘር የወረደው በደል በሰው ትጋት ብቻ አይፋቅም፤ ይህኛው ግን በፖሊሲ ሊቀነስ ይችላል። ቺሊ በ1991 ከውጭ ለሚገባ ብድር 20 በመቶውን፣ በኋላም 30 በመቶውን ያለ ወለድ በማዕከላዊ ባንክ አስቀምጡ ስትል፣ ማሌዥያም በሴፕቴምበር 1998 የገባው የሰነድ ገንዘብ ለአሥራ ሁለት ወር እንዳይወጣ ስታግድ በዕጣ ፋንታችን ታስረናል አላሉም። «የባዕድ ገንዘብ ዕዳ» ብትሉት የኔ ምርጫ ነው፤ ለቺሊው ደንብ ደግሞ «ማቆያ ተቀማጭ»።

ባለጥያቄ፦
«የሰነድ ኢንቨስትመንት»ን፣ «የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ»ንና «ማቆያ ተቀማጭ»ን ወስጃለሁ። «አፈሰሰ» የሚለውን ለፋብሪካው ብቻ ትቼ ለሰነዱ «አስገባ» እና «አስወጣ» እላለሁ። «ብቅ ያለ ገበያ» ላይ ግን አሁንም አልቆረጥኩም፤ የተሻለ ያለው ካለ እጠብቃለሁ።