የጀልባችን ቫርኒሽ ሳምንት ሙሉ አልደርቅ አለ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ቤተሰብ። ከልጄ ጋር 60 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የእንጨት ጀልባ ሠርተናል። ባሕር በሌለበት አገር የምን ጀልባ እንዳትሉኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ በሬሳ ወንዝ ላይ ልንለቃት ነው። እንጨቱ ከአናጢ ቤት የለቀምኩት የጥድ ቁራጭ ነው። ከታች ቀይ የዘይት ቀለም፣ ከላይ እንጨቱ እንዲታይ የዘይት ቫርኒሽ ቀባናት። ይኸው ሳምንቷ፣ ቫርኒሹ አሁንም ጣት ይይዛል። ልጄ አንስቷት የአምስት ጣቱ አሻራ ቀርቶባታል። ቶሎ ይደርቅልኛል ብዬ ኒትሮ (በቲነር የሚቀጥነውን፣ ቶሎ የሚደርቀውን ቫርኒሽ) ብነፋበት ደግሞ ቀዩ ቀለም ተኮማትሮ ተነሣ፣ አንዱ ጥግ ላይም ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ከየት ልጀምር?

አናጢው (ደብረ ብርሃን)፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ጥዱ። ያ ደስ የሚል ሽታው ከቅባቱ ነው፤ ቅባቱ ደግሞ የዘይት ቫርኒሽ እንዳይደርቅ ያደርጋል። እኔም በጀማሪነቴ የጥድ ሣጥን ሠርቼ የደንበኛዬ ነጠላ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ እስካሁን ሲያገኘኝ ያነሣብኛል። የተጣበቀውን ሁሉ በቲነር ጠርገህ አውጣ። በ220 ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለህ ፈትግ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በቲነር እያራስክ ጥረግ፣ ጨርቁ ቢጫ ማውጣቱን እስኪተው። ቲነሩ እንደተነነ፣ ቅባቱ ተመልሶ ሳይወጣ፣ ስስ የኒትሮ ሲለር፣ ማለት ከቫርኒሹ በፊት እንጨቱን የሚደፍነውን፣ ቀባ አድርግበት።

ኒትሮ ከዘይት ቀለም ሥር ይሆናል፤ በላዩ ግን አይሆንም። ቲነሩ ገና ያልጠናውን ቀለም ያሳብጠዋል፣ የተኮማተረብህ ለዚያ ነው። ወተት የመሰለው የሐምሌ እርጥበት ነው። ቲነር ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ ውሃ እዚያ ይይዛል። ጭጋግ ባለበት ቀን ኒትሮ አትንካ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኛ ጋ ቆላው ተቃራኒውን ያመጣል፣ ፀሐይ ላይ ከቀባህ አረፋ ያወጣል። የሁላችንም መድኃኒት ግን ስስ መቀባት ነው። ወፍራም ከሆነ ላዩ ቆዳ ይሠራል፣ ሥሩ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። የመጀመሪያውን ቫርኒሽ በማቅጠኛው እኩል በእኩል አቅጥነው፣ እንጨቱ ይጠጣው። ከዚያ አራት ጊዜ ያህል ድገም፣ በየመሐሉ በ400 አሸት አሸት እያደረግህ። እናንተ ብርድ ላይ ናችሁና በቀን ሁለቴ አትሞክር፣ ሁለት ቀን ጠብቅ። አቧራ እንዳይነካት ካርቶን ድፋባት። ቫርኒሹንም ለውጭ የሚሆነውን ብለህ ግዛ፤ የቤት ዕቃው ዓይነት ፀሐይና ውሃ አይችልም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ማታ ከሰል አጠገብ ባስቀምጣትስ?

አናጢው፦ ኧረ በሕግ! የቲነር ጭስ እሳት ይጠራል። ቤትህን ለጀልባ?

ከደብረ ሲና፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። በምን ኮላ ነው ያጣበቅሃት? ውስጧንስ ቀብተሃል?

ጠያቂ፦ በነጩ የአናጢ ኮላ። ውስጧንማ ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት።

ከደብረ ሲና፦ ነጩ ኮላ ውሃ ሲቆይበት ይለቃል። ውጭዋን መስታወት ብታስመስላትም፣ ጠብታ በላይ ከገባች ባዶው እንጨት ይጠጣና ያብጣል፣ ቀለምህን ከሥሩ ይገፋዋል። ከየት ልጀምር ብለህ አልነበር? ከውስጥ ጀምር።

ጠያቂ፦ ልጄ ሰምቶ ቡርሽ ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ቲነሩን ልግዛ።