ክርክር፦ «ቴሌቪዥን» በግዕዝ ቃል ይተካ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ «ቴሌቪዥን» ማለታችንን ትተን «ምስለ መስኮት» እንበል የሚሉ አሉ። የለመድነው ይቆይ የሚሉም አሉ። እናንተስ?

የግዕዝ መምህር፦ ይተካ ባይ ነኝ። ግዕዝ እያለን ለምን እንበደራለን? «ርእዮተ ዓለም»ን እዩ። «ርእየ» አየ ነው። አንዴ ከተፈታልህ አይጠፋህም። «ቴሌቪዥን»ን ግን ለልጅ በምን ትፈታለታለህ?

የቋንቋ ተማሪ፦ መምህር፣ እሱም ይፈታል እኮ! «ቴሌ» በግሪክ ሩቅ ነው። «ቪዥን» ማየት ከሚለው የላቲን ግስ ከ«ቪዴሬ» የመጣ ነው። እንግሊዞች የፈጠሩትም አይደለም። በ1900 እ.ኤ.አ. ኮንስታንቲን ፐርስኪ የተባለ ሩሲያዊ ፓሪስ ላይ ለኤሌክትሪክ ጉባኤ ባቀረበው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተጠቀመበት። እንግሊዝኛ ከዚያ ወሰደው። ግሪክና ላቲን የተሰፉበትን ቃል እንግሊዝኛ ከተበደረው፣ አማርኛ ሲበደር ለምን ይነቀፋል?

ጀርመን ነዋሪ፦ እዚህ ግን አልተበደሩም። «ፈርን» ሩቅ፣ «ዜሄን» ማየት፤ «ፈርንዜሄን» አሉት፣ አለቀ። ግሪኮች ደግሞ የላቲኑን ግማሽ አውጥተው በራሳቸው «ኦራሲ» ተኩት። «ቲሌኦራሲ» ነው የሚሉት። በጣም ነው ደስ ያለኝ!

የግዕዝ መምህር፦ ይኸው! ይቻላል ማለት ነው።

የቋንቋ ተማሪ፦ ይቻላል፤ ግን በጊዜው ነው። ጀርመኖች ዕቃው ቤታቸው ሳይገባ ነው ስም ያወጡለት። እኛ ጋ በ1957 ዓ.ም. ከነስሙ ገባ። ዛሬ ገጠር ያሉ አያቶች ሳይቀሩ «ቴሌቪዥኑን ክፈቱት» ነው የሚሉት። «ስልክ»ም ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ ማን ባዕድ ይለዋል? «ወዝአደር» የያዘው ደግሞ የሠራተኛው መደብ ባዕድ ስም «ፕሮሌታሪያት» ገና ሥር ሳይሰድ ስለተፈጠረ ነው። በዚያ ላይ «ምስለ መስኮት» ዋናውን ነገር፣ ሩቅነትን፣ ጥሎታል።

የግዕዝ መምህር፦ የመጨረሻዋን እቀበላለሁ። የቀረውን አልቀበልም። ሕዝብ የለመደውን ቃል ሲለውጥ አይተናል። «ሶሻሊዝም»ን «ኅብረተሰባዊነት» ብለነው የለም እንዴ?

ጀርመን ነዋሪ፦ እንግዲያው ገና ባልጠነከረው እንጀምር። «ፖድካስት» በ2004 እ.ኤ.አ. ከ«አይፖድ» (የአፕል ኩባንያ ሙዚቃ ማጫወቻ) እና ከ«ብሮድካስት» የተሰፋ ነው። «ብሮድካስት» ድሮ ገበሬ ዘር በእጁ ሲበትን የሚባል ነበር።

የግዕዝ መምህር፦ ለብሮድካስቱ «ስርጭት» የሚል ጥሩ ቃል አለን። የ«አይፖድ»ን ቦታ ምን ይያዝ? ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ፤ እኔም ከግዕዙ ፈልጌ እመለሳለሁ።